«ደህና ነኝ» የሚለው ባሌና የኖርዌይ ባህር

ይሄን የምጽፈው በተለይ ልጆቻቸው ውጪ አገር ላሉ እናትና አባቶች ነው። እዚህ ጎንደር እኛ ሰፈር ብቻ ስንቱ ነው ክረምት ሲገባ ቪዛ ወጥቶለት ልጁ ጋ የሚሄደው፣ ከዛ ልጆቹ እረፍት ወስደው «እማ፣ አባ፣ ኑ እናዝናናችሁ» ብለው ባህር ዳርቻ ይወስዱታል፣ ጀልባ ላይ ያወጡታል፣ ወላጅም ልጁን ላለማስቀየም እሺ ይላል። እኛም በዚሁ ነው የገባንበት። ሁለታችንም ስድሳን ዘለናል፣ እኔ ጡረታ የወጣሁ ነርስ ነኝ፣ ባለቤቴ ጂኦግራፊ ሲያስተምር ኖሮ ነው ጡረታ የወጣው፣ እሱ ግፊት አለበት የኔ ጉልበት ደግሞ ደረጃ ሲያይ ያኮርፋል። እና ክረምት ክረምት ኖርዌይ ካለው ልጃችን ጋር በካያክ የባህር ዳርቻ እየተከተልን ደሴት ላይ ድንኳን ጥለን እናድራለን። ሰው ሲሰማ ይስቃል፣ ይሳቅ። ግን አንድ ክረምት ባለቤቴን ላጣው ነበር፣ ከዛ ወዲህ የቀየርናቸው ነገሮች አሉ፣ እነሱ ለሌላው እንዲጠቅሙ ብዬ ነው።

ካያክ ለማታውቁት ጠባብ ረጅም ጀልባ ነው፣ የባህሩ አይነት 5 ሜትር ግድም ይረዝማል፣ ስፋቱ ግን 60 ሳንቲም አካባቢ ነው። እግራችሁን ዘርግታችሁ ውስጡ ትገባላችሁ፣ ወገባችሁ ላይ እንደ ሽርጥ ያለ ነገር ታስሩና ጠርዙ የጀልባው አፍ ላይ ይወጠራል፣ ውሀ አያስገባም። መቅዘፊያው ሁለቱም ጫፉ ላይ ሰፊ ነው፣ አንዴ በግራ አንዴ በቀኝ ነው። ከፊትና ከኋላ ክዳን ያላቸው የተዘጉ ክፍሎች አሉት፣ ድንኳኑ ምግቡ ልብሱ እዛ ይገባል። እኛን የገዛን ይሄ ነው፣ ለሽማግሌ ተራራ እቃ ተሸክሞ መውጣት ነው የሚከብደው፣ እዚህ ግን እቃውን የሚሸከምላችሁ ባህሩ ነው።

ዋናን በተመለከተ፣ ባለቤቴ በልጅነቱ ጥምቀት ሲመጣ ፋሲለደስ ጥምቀተ ባህር ዘለው ከሚገቡት ጎረምሶች አንዱ ነበር፣ እድሜ ልኩን «ዋና አውቃለሁ» ሲል የኖረው በዛች ነው። እኔ ምኑንም አላውቅም። ልጃችን ግን ብልጥ ነው፣ ጀልባ ላይ ከማውጣቱ በፊት ቅዳሜና እሁድ የሚያልቅ የጀማሪ ኮርስ አስገባን። አደራ የምላችሁ ይሄን ነው፣ ልጆቻችሁ «ቀላል ነው እማ፣ ቁጭ ብለሽ መቅዘፍ ብቻ ነው» ካሏችሁ ኮርስ ካልወሰድኩ አልወጣም በሉ። ኮርሱ ላይ ዋናው ነገር አቀዛዘፍ አይደለም፣ ሆን ብለው ይገለብጧችኋል። ጭንቅላታችሁ ቁልቁል ውሀ ውስጥ ሆኖ ወደፊት ጎንበስ ብላችሁ ሽርጡ ጫፍ ላይ ያለችውን ማንጠልጠያ ፈልጋችሁ ትስቧታላችሁ ሽርጡ ይለቃል፣ ከዛ ሱሪ እንደማውለቅ ከጀልባው ውስጥ ትንሸራተታላችሁ፣ ላይፍ ጃኬቱ ወደላይ ያወጣችኋል። እኔ መጀመሪያ ላይ ስወጣ ማርያምን እየጠራሁ ነበር፣ አስተማሪው ምን እንደምል ልጄን ጠየቀው፣ ልጄም «ደስ ብሏት ነው» አለው።

ስለ ቅዝቃዜው ልንገራችሁ ምክኒያቱም ሁሉም ነገር የሚመጣው ከሱ ነው። ጣና ውሀው ከ20 ዲግሪ በላይ ነው፣ እዛ ሰሜኑ ጋ ግን ሀምሌ ላይ እንኳን 12 13 ዲግሪ ቢሆን ነው። እንዲህ ያለ ውሀ ውስጥ ድንገት ሲገባ ሰው ሳይወድ በግዱ አየር ይስባል፣ ልብ ይመታል፣ ግፊት ወደላይ ይወጣል። ኮርሱ ላይ «አንድ፣ አስር፣ አንድ» ብለው ነው ያስተማሩን፣ የመጀመሪያዋን አንድ ደቂቃ ትንፋሽ ማረጋጋት ብቻ ነው ሌላ ነገር እንዳትሞክሩ፣ ከዛ አስር ደቂቃ ግድም እጅና እግር ይታዘዛል፣ ከሱ በኋላ ጣት አይታዘዝም፣ ራስን እስከመሳት ደግሞ አንድ ሰአት ያህል አለ። አብዛኛው ሰው የሚሰምጠው በቅዝቃዜ ደርቆ ሳይሆን በመጀመሪያዋ ደቂቃ ውሀ ስቦ ወይ ደሞ ክንዱ እምቢ ብሎት ነው። ስለዚህ ላይፍ ጃኬት ይለበሳል፣ ጀልባው ላይ አይታሰርም፣ አይነጠፍበትም። ልብሱም የሚመረጠው ለአየሩ ሳይሆን ለውሀው ነው፣ ፀሐይ ወጣ ብላችሁ በቲሸርት እንዳትወጡ። እኛ ድራይ ሱት ነው የምንለብሰው፣ አንገቱና እጁ ላይ ላስቲክ ያለው ውሀ የማያስገባ ቱታ ነው፣ በውስጡ ሱፍ ይለበሳል። ልብ ህመም ያለባችሁ ወይ ግፊታችሁ ያልተስተካከለ ሰዎች ደግሞ ይሄ ለናንተ አይደለም፣ ከሀኪም ጋር ሳትነጋገሩ አትሞክሩት፣ ይሄን የምለው እንደ ነርስ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ጊዜያት ግን ገነት ነበሩ ማለት ይቻላል። ሄልጌላንድ የሚባለው ዳርቻ ነው የምንሄደው፣ ደሴቱ ተቆጥሮ አያልቅም፣ ሰባቱ እህትማማቾች የሚባሉ ተራሮች ከባህሩ ዳር ቀጥ ብለው የቆሙበት፣ ቶርጋተን የሚባል መሀሉ ተበስቶ ወዲያ ማዶ የሚያሳይ ተራራ ያለበት አገር ነው። ቀዳዳው 160 ሜትር ይረዝማል፣ ባለቤቴ እሱን ቁጥር ላገኘው ሰው ሁሉ ነው የሚናገረው። እዛ አገር በ1957 የወጣ ህግ አላቸው፣ በነሱ አቆጣጠር ነው፣ ከመኖሪያ ቤት 150 ሜትር እስከራቃችሁ ድረስ ያልታረሰ መሬት ላይ ድንኳን ጥሎ ሁለት ሌሊት ማደር ይቻላል፣ ባለቤት አትጠይቁም ብር አትከፍሉም። እና ሌሊቱ አይጨልምም። በፍልሰታ ከሄድን ደግሞ አሳ ይበላል አይበላም የሚለው ክርክር በየደሴቱ አብሮን ይዞራል፣ ልጃችን ያጠምዳል አባቱ ያወግዛል፣ እኔ በሶዬን እበጠብጣለሁ።

የአለመጨለሙ ነገር ደስ ይላል ግን ያታልላል። እኛ ጎንደር አስራ ሁለት ሰአት ሲሆን ቀኑ አለቀ፣ ሰውነት ራሱ ይነግርሃል፣ እዛ ግን የሚነግርህ የለም፣ «ትንሽ እንሂድ፣ እስከዛች ደሴት» እየተባለ ሰው ከሚችለው በላይ ይሄዳል። የዛን ቀንም የሆነው እሱ ነው።

ትንበያው ንፋሱ በሰከንድ 4 5 ሜትር ነው የሚለው፣ ለኛ አይነት ሰው ይሄ ደህና ነው። 8 አካባቢ ሲደርስ ባህሩ ላይ ነጭ አረፋ በየቦታው ይታያል፣ እሱን ካያችሁ አትውጡ። ግን አንድ የማይነገር ነገር አለ፣ ትንበያው ስለ ሰፊው ባህር ነው የሚያወራው፣ ተራራ ስር ሌላ አየር ነው ያለው። ንፋስ ከተራራው ጀርባ መጥቶ ሸለቆ ውስጥ ሲገባ ይጠብና ጉልበት ይጨምራል፣ ከዛ ቁልቁል ውሀው ላይ ይደፋል። ገደሉ ስር ያለ ሰው ይሄ አይታየውም፣ ገደሉ ስለከለለው ውሀው ዘይት መስሎ ነው የሚታየው።

እኔና እሱ የሁለት ሰው ካያክ ላይ ነበርን፣ ልጃችን ለብቻው። (የሁለት ሰውን ቀዛፊዎች በቀልድ «የፍቺ ጀልባ» ይሉታል፣ ለምን እንደሆነ አንድ ሰአት አብራችሁ ስትቀዝፉ ይገባችኋል።) ከፊት ያለው ሰው ልክ ይሰጣል፣ ከኋላ ያለው በእግሩ መሪውን ይይዛል። ከፊት እኔ ነኝ፣ እሱን አላየውም፣ ይሄን ልብ በሉት። ከሰአት በኋላ ላይ መቅዘፊያዎቻችን መጋጨት ጀመሩ። ይሄ ማለት አንዱ ልኩን ስቷል ማለት ነው። «ምነው?» አልኩት። «ደህና ነኝ፣ ቅዘፊ» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ተጋጨን። «አንተ ደህና ነህ?» «ደህና ነኝ አልኩሽ!» ልጃችንም ጠጋ ብሎ «አባዬ እንውጣ? እዚች ጋ መውጫ አለች» አለው፣ «እኔ ደህና ነኝ፣ እናትህ ካልደከማት እንቀጥል» አለ። ጎንደሬ ወንድ ነው፣ ከሱ ይሄን ነው የምትጠብቁት።

ያቺን መውጫ አለፍናት። ከዛ በኋላ ባህሩ ውስጥ የገባ የገደል ጫፍ አለ እሱን መዞር ነበረብን። ሌላው ሳይነገር የማይታወቅ ነገር ይሄ ነው፣ ሰው ሲፈራ ወደ መሬት ይጠጋል፣ ገደል ያለበት ዳርቻ ላይ ግን መጠጋት ነው አደጋው። ማዕበሉ ገደሉን መትቶ ይመለሳል፣ የሚመጣውና የሚመለሰው ይገናኙና ውሀው ባለበት ይዘላል፣ ከየት እንደሚመታችሁ አታውቁም። እንዲህ ያለ ቦታ ወደ ውጪ ራቅ ብሎ ነው የሚዞረው። ልጃችን ወደ ውጪ ወደ ውጪ እያለ በመቅዘፊያው ያሳየናል፣ እኔ እቀዝፋለሁ ጀልባዋ ግን አትዞርም። ለካ ከኋላ መሪውን የያዘው የለም፣ የባለቤቴ እግር ተኮማትሮ ነበር። ጫፉን እንዳለፍን ያ የተራራው ንፋስ መጣ፣ ከጎን ያዘን፣ ቀጥሎ የማስታውሰው ውሀ ውስጥ ነኝ።

ስወጣ ትንፋሼን አልያዝኩትም፣ ግን ያቺ «አንድ» የምትለዋ ነገር መጣችልኝ፣ ጀልባዋን ይዤ ምንም ሳልሞክር ተነፈስኩ። እሱ ከወዲያኛው በኩል ወጣ፣ ፊቱ ነጭ ሆኗል። ልጃችን ደርሶ ጀልባችንን አቀናልን፣ የሱን ጀልባ ከጎኗ አጣብቆ ያዘልን። እኔ እንደተማርነው እግሬን ውሀው ላይ አርጌ በደረቴ ተሳብኩና ወጣሁ። እሱ ግን አቃተው። ሞከረ፣ ወረደ፣ ሞከረ፣ ክንዱ የለም። ያዳነን አንድ ገመድ ነው። ልጃችን ከጃኬቱ ኪስ ቋጠሮ ያለው ገመድ አውጥቶ አንዱን ጫፍ ጀልባው ላይ አሰረና ሌላውን እንደ እርካብ ውሀው ውስጥ ለቀቀለት፣ «አባዬ እግርህን አስገባና ቁም፣ እንደ ፈረስ!» አለው። የክንድ ጉልበት ያለቀበት ሰው እግሩ ውስጥ ግን ጉልበት አለው። ቆመ፣ ወጣ። እድሜያችን ለገፋ ሰዎች ሌላ ምንም ባትይዙ ይቺን ገመድ ያዙ፣ ርዝመቷን ደግሞ ባህር ላይ ሳይሆን ቀድማችሁ በራሳችሁ እግር ልኩ፣ ጉልበታችሁ ብዙ ሳይታጠፍ መግባት አለባት።

ውሀውን በፓምፕ ቀድተን ወደዛች ወዳለፍናት መውጫ ተመለስን። የባለቤቴ እጅ ደርቆ ነበር፣ ቃላት ይጎትት ነበር፣ ያኔ ነው የፈራሁት። እንደዚህ የሆነ ሰው አጋጥሟችሁ ከሆነ፣ ንፋስ የማያገኝበት አስገቡት፣ እርጥቡን አውልቃችሁ ደረቅ አልብሱት፣ ኮፍያ አርጉለት፣ መዋጥ የሚችል ከሆነ ሙቅና ስኳር ያለው ነገር ስጡት። እጅና እግሩን አትሹት፣ አትጎትቱት፣ አረቄ እንዳትሰጡት፣ «ያሞቀዋል» የሚባለው ውሸት ነው፣ ሙቀቱን ያስወጣበታል። ንግግሩ ካልተስተካከለ እርዳታ ይጠራ፣ ኖርዌይ የባህር አደጋ ስልክ 120 ነው፣ ሬዲዮ ከያዛችሁ ቻናል 16። እኛ ከሻዩ በኋላ ስርአት ያለው ስድብ መሳደብ ስለጀመረ አልደወልንም።

ማታ ድንኳን ውስጥ ነው ያወራው። እጁ ከሰአት ጀምሮ አይሰማውም ነበር። ለምን አልተናገርክም ስለው «ልጁ አመቱን ሙሉ ሰርቶ ያገኛትን እረፍት ለኛ ነው የሚያወጣት፣ ደከመኝ ብዬ ላበላሽበት?» አለኝ። ልጁ አጠገባችን ተኝቶ ይሰማል። እሱ ደግሞ ለካ ቀድሞ መውጣት ፈልጎ አባቱን ደካማ ላለማለት ብሎ ነው የተወው። ሦስታችንም ደህና ሳንሆን ደህና ነን እየተባባልን ነው ገደሉን የዞርነው።

ጎንደር ስንመለስ እሱ ወሬውን ለማንም እንዳትናገሪ አለኝ። ግን ወሬ መች ይቀራል፣ እህቱ «በስተርጅና ምን ነካችሁ» ብላ እኔን ነው የያዘችኝ፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር ተወራ። ከዛ በኋላ እሱ የካያክ ስም ሲነሳ ዝም ማለት ጀመረ። እኔ ደግሞ ልቤ አልቆረጠም፣ እውነቱን ለመናገር የባህሩ አምሮት አይደለም፣ በዛች ድንኳን ውስጥ የሰማሁትን አይነት ወሬ ከባለቤቴ አፍ እቤታችን ሰምቼ አላውቅም።

ልጃችን በሻንጣ የሚገባ በአየር የሚነፋ ካያክ ይዞልን መጥቶ ነበር። መንገዱ ሰላም የሆነ ጊዜ ይዘነው ጎርጎራ ወረድን። ጎርጎራ ከጎንደር 60 ኪሎ ሜትር ትንሽ ቢያልፍ ነው፣ የጣና ሰሜኑ ዳር፣ ደብረ ሲና ማርያም ያለችበት፣ ሱስንዮስ ቤተመንግስቱን የሰራበት አገር። ባህሩ እዛ ጥልቀት የለውም፣ መላው ጣና ራሱ ጥልቅ የሚባለው ቦታው 14 ሜትር ግድም ነው፣ ውሀው አይቀዘቅዝም፣ ለልምምድ ከዚህ የተሻለ የለም። ግን የራሱ ጣጣ አለው። ጠዋት ውሀው ዝም ብሎ ይውላል፣ ከቀትር በኋላ ንፋስ ይነሳል፣ ጥልቀት የሌለው ውሀ ደግሞ ማዕበሉ አጭርና ቁጡ ነው። አሳ አጥማጆቹ በደንገል ታንኳቸው በጠዋት ወጥተው የሚገቡት በከንቱ አይደለም፣ እነሱን አይታችሁ ውጡ እነሱ ሲገቡ ግቡ። ጉማሬ አለ፣ የት እንደሚውል እነሱ ያውቁታል፣ ጠይቁ፣ ከሩቅ ካያችሁት ፎቶ ለማንሳት አትጠጉ፣ ወደ ውሀው መግቢያ መንገዱን እንዳትዘጉበት። እምቦጩ ከ2011 ጀምሮ (በኛ 2004 ገደማ) ሰሜን ምስራቁን ዳር ይዞታል፣ ንፋስ ሲዞር ተንሳፍፎ ይመጣና መውጫችሁን ይዘጋባችኋል፣ መቅዘፊያ አያልፈውም። ቢልሃርዚያም አለ። እሷን የሚሸከመው ቀንድ አውጣ ሳር ያለበት ዳር ዳሩ ላይ ነው፣ ስለዚህ ከሳሩ ራቅ ካለ ቦታ ተነሱ፣ እዛ ቆማችሁ አትዋኙ፣ ከወራት በኋላ ምርመራ አርጉ፣ ከተገኘ መድሀኒት አለው። ደግሞ ጣና ላይ 120 ብሎ የሚደወልለት የለም፣ ዳር ላይ ለሚቀር ሰው «እስከ አራት ሰአት ካልመጣን ታንኳ ላክ» ብላችሁ ነው መውጣት።

እሱ የተመለሰው እዛ ነው። ማንም አያየውም፣ ልጅ የለም፣ ፈረንጅ የለም፣ ያለነው እኔና እሱ ነን። ቁርስ ላይ አሳ እየበላን ነው ህጋችንን ያወጣነው። ህጉ አንድ ነው፣ የደከመው ወይ የፈራው ይወስናል። «እንውጣ» ካለ እንወጣለን፣ ለምን ተብሎ አይጠየቅም፣ እየቀዘፍን አንከራከርም፣ መሬት ላይ ሆነንም «ትንሽ ብንታገስ ኖሮ» አይባልም። ይሄን የመጨረሻውን ያመጣው እሱ ነው፣ ምክኒያቱም ሰው ቀጣዩን ጊዜ ዝም የሚለው አምና በተወቀሰበት ነው።

ሁለተኛው ነገር «ደህና ነህ?» የሚለውን ጥያቄ አስወገድነው። ለዚህ ጥያቄ የኛ ሰው መልሱ የታወቀ ነው፣ እያጣጣረም ደህና እግዚአብሔር ይመስገን ነው የሚለው። በሱ ፋንታ «ጣት!» እንባባላለን። አውራ ጣትህን ከትንሿ ጣትህ ጋር አገናኝተህ ታሳያለህ፣ ካልተገናኙልህ እጅህ ቀዝቅዟል ወጥተን እንሞቃለን፣ ክርክር የለም። ሁለተኛ «ስንት ቀረህ?» እንባባላለን፣ ከአስር ቁጥር መጥራት ግዴታ ነው፣ አምስት ካለ ወደ መውጫ እንዞራለን። አምስት ሲባል ጉልበታችሁ ገና አለ፣ ያለው ግን ለመመለሻ ነው። መጀመሪያ ላይ ሁሌ ዘጠኝ ነበር የሚለኝ፣ ዘጠኝ እያለ መቅዘፊያዬን ሲመታ «ውሸት ነው ሰባት ነህ» ስለው ይስቅ ነበር፣ አሁን ራሱ ስድስት ነኝ ይላል። ቦታም ተቀያይረናል፣ ቀድሞ የሚደክመው ከፊት ይቀመጣል፣ ከኋላ ያለው ያየዋል።

ከልጆች ጋርም ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ከመውጣታችሁ በፊት ቤት ውስጥ። «አባዬ እንውጣ?» ተብሎ አባት አይጠየቅም፣ ልጁ ራሱ «እኔ ደክሞኛል፣ እንውጣ» ይበል። የኛ ልጅ አሁን እንደዛ ነው የሚለው፣ አባቱም ያውቅበታል ግን ይወጣለታል።

ስለ ሰውነት አንዳንድ ነገር ልበል። ቅዘፋ የክንድ ስራ የሚመስለው ሰው ትከሻውን ያጠፋል፣ ክንዳችሁን ሳይሆን ወገባችሁን ነው የምታዞሩት፣ እጃችሁ ከትከሻችሁ በላይ አይውጣ፣ መቅዘፊያውን ጨብጣችሁ አትድረቁበት። ሽንት የሚያበዛውን የግፊት ኪኒን የምትወስዱ ሰዎች ሰአቱን ከሀኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ፣ በራሳችሁ እንዳታቋርጡ፣ ብዙ ሰው ባህር ላይ ሽንት እንዳይመጣበት ብሎ ውሀ መጠጣት ያቆማል፣ እሱ የባሰ ነው። ለሴቶች ዚፕ ያለው ድራይ ሱት አለ፣ ስትከራዩ አታፍሩ ጠይቁ። በየአንድ ሰአቱ ባይደክማችሁም ወጥታችሁ እግራችሁን አፍታቱ፣ ስለዚህ መንገዱን ካርታ ላይ ስታወጡ ርቀት አትቁጠሩ፣ መውጫ ቁጠሩ። ገደል ብቻ ሆኖ ለአንድ ሰአት መውጫ የሌለው ዳርቻ ለኛ አይነት አይሆንም፣ የቱንም ያህል ቢያምር። ባህሩም በየ6 ሰአቱ ግድም ይሞላል ይጎድላል፣ ጠዋት አሸዋ የነበረች መውጫ ከሰአት ውሀ ስር ልትሆን ትችላለች፣ በጠባብ ቦታ ደግሞ ሲሞላና ሲጎድል እንደ ወንዝ ይፈሳል፣ በዛው አገር ሳልትስትራውመን የሚባለው ከአለም ሀይለኞች አንዱ ነው። የሰአት ሰንጠረዥ አለው። እና እባካችሁ እዛ እስካላችሁ የእጅ ሰአታችሁን በነሱ አርጉት፣ ሰንጠረዡ በሀበሻ ሰአት አይነበብም።

ባለፈው ስንሄድ ገና ሁለተኛው መውጫ ላይ ባለቤቴ «አምስት» አለ። ፀሐይ አለ፣ ንፋስ የለም፣ ሌሎች ቀዛፊዎች እያለፉን ይሄዳሉ። ወጣን፣ ድንኳን ጣልን፣ ሁለቱን ሌሊት እዛው አደርን፣ ያሰብንበት ደሴት አልደረስንም፣ እሱ ከኪሱ ካርታ አውጥቶ ለልጁ ስለ በረዶ ዘመንና ስለ ዳርቻው አቆራረጥ ሲያስተምረው ዋለ።

ለመሄድ ለምትዘጋጁ፣ የሸንገን ቪዛ ኢንሹራንስ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት፣ ግን ከመግዛታችሁ በፊት እድሜያችሁን ነግራችሁ ካያክ ይሸፍናል ወይ በሉ፣ በቃል ሳይሆን ወረቀቱ ላይ አሳዩኝ በሉ፣ ብዙዎቹ ስፖርትን ያስወጣሉ። ጋቢ ይዛችሁ ሂዱ ግን ለድንኳን ብቻ ነው፣ ጥጥ ከረጠበ አያሞቅም፣ ጀልባ ላይ የሱፍ ነገር ነው የሚለበሰው። ስንቅ በሶ ነው፣ በቀዝቃዛ ውሀ ይበጠበጣል፣ ማንደጃ አይፈልግም፣ ዳቦ ቆሎ ደግሞ ላይፍ ጃኬቱ ኪስ ውስጥ። ቅቤ ያለበት ጭኮ ግን አትያዙ፣ ስጋና የወተት ነገር ከኛ አገር ማስገባት ክልክል ነው፣ ኤርፖርት ላይ ይወስዱባችኋል።